የማራገቢያው ድምፅ፦ የኮምፒዩተር ሙቀትና ጸጥታ ታሪክ ከመርሳ ሲታይ

(በመርሳ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ንግግር ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ንግድ መሥመሮች ሲናገር እንጂ ስለ ኮምፒዩተር ማራገቢያ ጩኸት ሲናገር መስማት አልለመድንም። ነገር ግን በየቢሯችንና በየቤተ ሙከራችን ቀኑን ሙሉ የምንሰማው ያ ድምፅ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ደግሞ ድምፁን ለማጥፋት ሲል ማሽኑን ያጠፋል። ይህን የምለው በመጽሐፍ ስላነበብሁት ብቻ አይደለም።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የትምህርት ተቋም፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁበት የኮምፒዩተር ክፍል ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ ማሽኖቹም ያረጁ ነበሩ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የማራገቢያዎቹ ጩኸት መምህሩ የሚናገረውን ይውጠው ነበር። አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን መፍትሔ አገኘሁ አለ። የሲስተም ዩኒቶቹን ክዳን ከፍቶ በስተኋላ ያሉትን ማራገቢያዎች ገመድ ነቀለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁላችንም አመሰገንነው፤ ካመሰገኑት አንዱም እኔ ነበርሁ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ማሽኖቹ በሥራ መካከል ድንገት ይጠፉ ጀመር። አንዲት ተመራቂ ተማሪ ጽሑፏን ስታዘጋጅበት የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ ዳግመኛ አልተነሣም፤ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። ያን ጸጥታ አመስግኜው ስለ ነበር የዚያች ተማሪ ድካም ዕዳ በእኔም ላይ እንዳለ ይሰማኛል። ይህ ንግግር ከዚያ ዕዳ የመነጨ ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ድምፁ ከየት መጣ?

ወደ ኮምፒዩተር የሚገባ ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። ማሽኑ ቁጥር ቢደምር፣ ፊደል ቢጽፍ፣ ሥዕል ቢያሳይ፣ የፈጀው ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ በክፍሉ አየር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የኮምፒዩተር ታሪክ ከመነሻው ሙቀትን የማስወገድ ታሪክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ 18,000 ያህል ቫኩም ቲዩቦች ነበሩት፤ 150 ኪሎ ዋት ያህል ኃይልም ይፈጅ ነበር። ይህን ሁሉ ሙቀት ለማስወጣት ኃይለኛ የአየር መንፊያዎች ተገጠሙለት። ስለዚህ ማራገቢያው ኋላ የተጨመረ መለዋወጫ አይደለም፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ለአካባቢያችን ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የሀብሩ ገበሬ በአውድማው ላይ ፍሬውን ከገለባው ለመለየት ነፋስ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ሲመጣ በላይዳው ያነሣል። ቀጥቃጩ ደግሞ ነፋስን አይጠብቅም፤ በወናፉ ራሱ ይፈጥረዋል። የኮምፒዩተር ማራገቢያ የወናፉ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ ወናፉ እሳትን ለማጋጋል ሲነፋ ማራገቢያው ሙቀትን ለመሸኘት መንፋቱ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አየርን በማስገደድ ነው፤ የተገደደ አየር ደግሞ ይጮኻል።

ትልልቆቹ ማሽኖች በተለየ ክፍል፣ አየሩ በሚቀዘቅዝበት አዳራሽ በሚቀመጡበት ዘመን ጩኸቱ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ ወደ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ግን ጩኸቱም አብሮ ወጣ። የዛሬው ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ማራገቢያን ያባረሩት

እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የቀረበው አፕል 2 ማራገቢያ አልነበረውም። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ የማራገቢያ ድምፅ የሰውን ሐሳብ ይበትናል ብሎ ያምን ነበር። ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስ የሠራው ፓወር ሰፕላይ በዘመኑ ከተለመዱት ከባድ ትራንስፎርመሮች ያነሰ ሙቀት ስለሚያወጣ ምኞቱ ተሳካ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አፕል 2 ጸጥ ያለው ማራገቢያው ስለ ተወገደ ሳይሆን ማራገቢያ የሚያስፈልገው ሙቀት ስለ ተቀነሰ ነው።

ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስ ለማየት ሦስት ዓመት ብቻ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል 3 የበለጠ ሥራ የሚሠራ፣ የበለጠም የሚሞቅ ማሽን ሲሆን፣ እርሱም ያለ ማራገቢያ እንዲሠራ ተወሰነ። ሙቀቱን የብረት አካሉ ይሸከመዋል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ማሽኖች ተበላሹ። በሙቀት ምክንያት ቺፖቹ ከመቀመጫቸው ስለሚላቀቁ፣ ደንበኞች ማሽኑን ጥቂት ከፍ አድርገው እንዲለቁትና ቺፖቹ ተመልሰው እንዲገጥሙ ይመከሩ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ማራገቢያ አልነበረውም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ማኪንቶሽ ኤስኢ ማራገቢያ ተገጥሞለት ሲወጣ ደግሞ የማራገቢያው ጩኸት ራሱ ቅሬታ አስነሣ።

በሌላው ወገን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ያወጣው ፒሲ 63.5 ዋት የሚያቀርብ ፓወር ሰፕላይ ነበረው፤ በውስጡም ማራገቢያ ተገጥሞለት ነበር። አይቢኤም ጸጥታን አልተመኘም፤ ማሽኑ እንዳይበላሽ ፈለገ። ዓለምም፣ እኛም፣ የወረስነው የአይቢኤምን መንገድ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምናያቸው ዴስክቶፖች አብዛኞቹ የዚያ ፒሲ የልጅ ልጆች ናቸው።

የሙቀቱ ዘመን

በመጀመሪያው ፒሲ ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር ራሱን የቻለ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ፔንቲየም ሲመጣ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ወደ 15 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣ ጀመር፤ በላዩም ሂት ሲንክና ትንሽ ማራገቢያ ተጫነበት። እነዚህ ትንንሽ ማራገቢያዎች ስፋታቸው ጥቂት፣ ፍጥነታቸው ብዙ ስለ ነበር ድምፃቸው እንደ ትንኝ ቀጭንና የሚያስጨንቅ ነበር።

ለምን ሙቀቱ ያለማቋረጥ ጨመረ? መልሱ በገበያና በፊዚክስ መካከል ይገኛል። ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት ትራንዚስተር ባነሰ መጠን ቮልቴጁም ሊያንስ ስለሚችል፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ኢንዱስትሪው በዚህ ተስፋ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተጓዘ። ነገር ግን ትራንዚስተሮቹ እጅግ ሲያንሱ ኤሌክትሪክ ያፈስሱ ጀመር፤ ቮልቴጁም እንደ ቀድሞው ሊወርድ አልቻለም። ኩባንያዎቹ ግን ፍጥነትን በጊጋኸርትዝ ቁጥር ይሸጡ ስለ ነበር መቆም አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሬስኮት በሚል መጠሪያ የወጡት ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች እስከ 115 ዋት ደረሱ። በዚያው ዓመት ኢንቴል የፕሬስኮት ተተኪ ይሆናል የተባለውን ቴጃስን ሠርቶ ሳይጨርስ ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጡት ኮር 2 ዱዎዎች አብዛኞቹ በ65 ዋት ተወስነው ከቀዳሚዎቻቸው የተሻለ ሠሩ።

ይህን ታሪክ እንደሚከተለው ማንበብ ይቻላል፦ ለዐሥር ዓመታት ያህል አምራቹ የፍጥነቱን ትርፍ ሲወስድ፣ የሙቀቱን ዕዳ ለማራገቢያው አስረከበ፤ ማራገቢያውም ዕዳውን ወደ ተጠቃሚው ጆሮ አሻገረው። ጩኸት ማለት ሌላ ቦታ ያልተከፈለ የሙቀት ሂሳብ ነው። ሂሳቡ በእውነት የቀነሰው ማራገቢያ ስለ ተሻሻለ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ከምንጩ ስለ ተቀነሰ ነው።

የጸጥታ ጥበብ

በዚያ ጩኸት በበዛበት ዘመን መሐንዲሶችና ተጠቃሚዎች ድምፅን የመቀነስ ጥበብ አዳበሩ። መሠረቱ ቀላል ነው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ በግማሽ እንዳነሰ አድርጎ ስለሚሰማው፣ ይህ ከፍተኛ ለውጥ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ግን የሚነፍሰው አየርም ይቀንሳል። መፍትሔው ማራገቢያውን ማስፋት ነው። ቅርፃቸው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ የባለ 80 ሚሊ ሜትሩን ያህል አየር ለማንቀሳቀስ ከዚያኛው ፍጥነት ሲሶው እንኳ አያስፈልገውም። «ትልቅና ዝግተኛ» የሚለው የጸጥታ ሕግ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ማራገቢያው እንደ ሙቀቱ መጠን እንዲፈጥንና እንዲዘገይ ማድረግ ነው። ባለ አራት ገመዱ ማራገቢያ ኃይሉን በሰከንድ 25,000 ጊዜ ያህል በማብራትና በማጥፋት ፍጥነቱን ይመጥናል። ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያው ራሱ እንዳያፏጭ ከጆሮ ወሰን በላይ ተደረገ።

ከዚህም በኋላ ማራገቢያን ፈጽሞ የማስወገድ ምኞት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 አፕል ጂ4 ኪዩብ የተባለውን ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ውብ ዴስክቶፕ አወጣ፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በራሱ ይቀዘቅዝ ነበር። ነገር ግን ከዓመት በኋላ ሽያጩ ስላልሰመረ ሥራው ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የዚያው ኩባንያ ሌላ ማሽን ደግሞ ከጩኸቱ የተነሣ ተጠቃሚዎች «የነፋስ ዋሻ» የሚል ቅጽል ስም ሰጡት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ኩባንያ ከጸጥታ ጫፍ ወደ ጩኸት ጫፍ መሄዱ ጸጥታ የምኞት ሳይሆን የሙቀት ስሌት ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል።

ስሌቱ መርሳ ሲደርስ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በሌላ አገር ስለ ተሠራ ስሌት ነው። አሁን ስሌቱን ወደዚህ እናምጣው።

መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወልድያ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ማራገቢያ በየዙሩ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ ያ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። አንድ 100 ዋት የሚፈጅ ኮምፒዩተር ውስጡ የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ ሙቀቱን እንዲያስወጣ፣ በባሕር ጠረፍ ከተማ በሰከንድ 8 ሊትር ተኩል ያህል አየር ይበቃዋል። በመርሳ ግን 10 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። በመሆኑም ያው ማሽን እዚህ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል። ወልድያ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ይበልጥ ይሳሳል፤ መርሳ ላይ ደግሞ ከሳሳው አየር በተጨማሪ የበጋው ሙቀት አለ።

በሰከንድ 10 ሊትር ማለት በሰዓት 36 ሜትር ኩብ፣ በስምንት የሥራ ሰዓት ደግሞ 288 ሜትር ኩብ ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 144 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እንግዲህ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በአንድ ቀን የመላውን ክፍል አየር ሁለት ጊዜ በውስጡ ያሳልፋል ማለት ነው። በዚያ አየር ውስጥ አቧራ ካለ፣ ያ አቧራ የሚያርፈው በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል ነው። በመከር ወቅት አውድማው ሲነፋ፣ በበጋ የጥርጊያው መንገድ ሲቦንን፣ የሲስተም ዩኒቱ ሆድ ምን እንደሚመስል ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ያውቃል። አቧራው አየሩን ያግዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ጩኸቱ ያይላል። ስለዚህ በእኛ አገር የምንሰማው ጩኸት ብዙ ጊዜ የማሽኑ ባሕርይ ሳይሆን የጥገና እጦት ድምፅ ነው።

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር መስፋፋት ታሪካችን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት ሲቋቋም፣ ኮምፒዩተር የጥቂት ማእከላት ሀብት ነበር። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በወረዳኔትና በስኩልኔት አማካይነት ማሽኖቹ ወደ ወረዳዎችና ወደ ትምህርት ቤቶች ወረዱ፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ይከታተሉ ጀመር። ማሽኖቹ ሲወርዱ ግን አብሯቸው ያልወረደ ነገር ነበር፤ እርሱም የሚያጸዳና የሚጠግን እጅ ነው። አየሩ በሚቀዘቅዝ ቢሮ እንዲሠራ የታሰበ ዕቃ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ፤ አንዳንዴም ከአቧራ እንዲጠበቅ ተብሎ እየሠራ ጥልፍ ጨርቅ ተደረበበት።

ከምንጩ የጀመረ መፍትሔም በአገራችን ተሞክሯል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ አነስተኛ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር። እነዚህ ማሽኖች ማራገቢያም ሆነ የሚሽከረከር ዲስክ የላቸውም፤ የሚፈጁት ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ስለ ነበር አያስፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012ም በወንጪና በወለንጪቲ ለሚገኙ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ተሰጥተው ነበር፤ እነርሱም ድምፅ አልባ ነበሩ። የትምህርት ውጤታቸው ብዙ ያከራክራል። ለዛሬው ርእሳችን ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ ለአቧራና ለሙቀት ታስቦ የተሠራ ማሽን የሚጀምረው ከሙቀቱ ነው።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ጩኸት ሲያስቸግረን የማራገቢያውን ገመድ አንነቅልም። በመጀመሪያ ድምፁን እናዳምጥ። እኩል የሆነ ከፍተኛ ሽውታ ከሆነ ማሽኑ ሞቋል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አቧራ ወይም የደረቀ ተርማል ፔስት ነው። የሚንገጫገጭ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ማራገቢያው በሌላ ይተካ። የሚያስተጋባ ጉርምርምታ ከሆነ የላላ ብሎን ወይም የሚንቀጠቀጥ ክዳን አለ።

ስናጸዳ ማሽኑን አጥፍተን ገመዱን ከሶኬቱ እንንቀል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በደረቅ አየር እናስወግድ፤ አየር ስንነፋበትም ማራገቢያው ያለ ልክ እንዳይሽከረከር በጣታችን እንያዘው። ፓወር ሰፕላዩን ግን አንፍታ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ሲስተም ዩኒቱን ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን እናስቀምጥ፤ ሲሠራም ጨርቅ አንደርብበት። አዲስ ማሽን የሚገዛ ኮሚቴ ደግሞ የፍጥነቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዋቱንም ቁጥር ይጠይቅ። ለጽሑፍና ለቤተ መጻሕፍት ፍለጋ ሥራ ብዙ ዋት የሚፈጅ ማሽን መግዛት ጩኸትን በጨረታ መግዛት ነው።

ስለ ጸጥታ የመጨረሻ ቃል

ከመጨረሴ በፊት ስለ ሌላ ዓይነት ጸጥታ መናገር አለብኝ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ ደረሰ፤ ወልድያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዚያ ሁኔታ ቆየች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። በዚያ ወቅት የትምህርት ክፍሎቻችን ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ የባዶ ክፍል ጸጥታ ነበር፤ የሚሞቅ ነገር ስለሌለ የሚጮኽም አልነበረም። ትምህርት እንደገና ተጀምሮ የአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ስሰማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ያ ድምፅ ደስ አሰኘኝ።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ጸጥታ እንዳለ ተምሬአለሁ። አንዱ ገመድ በመንቀል የሚገኘው ነው፤ ዋጋውን አንዲት ተማሪ ከፍላበታለች። ሁለተኛው ማሽንም ሰውም ሲጠፋ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ሙቀቱን ከምንጩ በመቀነስ፣ ማሽኑን በማጽዳት፣ ለአየራችንና ለአቧራችን የሚስማማውን በመምረጥ የሚገኘው ነው። ከሦስቱ የምንሻው ይህን የመጨረሻውን ነው። ዛሬ ወደ ቤተ ሙከራችሁ ስትመለሱ ለአፍታ ቆም ብላችሁ ማሽኖቹን አዳምጡ፤ ከዚያም ብሩሽ ፈልጉ። የጽሑፋችሁንም ሁለተኛ ቅጂ ዛሬውኑ አስቀምጡ።